ስሜንን ከሩቅ የሚጠብቀው ማን ነው?

ከጎንደር ከተማ ተነሥተን ወደ ሰሜን ብንጓዝ ደባርቅ እንደርሳለን። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ አለፍ ሲሉ የስሜን ተራሮች ገደል ይጀምራል። በዚያ አገር ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ በቅሎ ይጭናል። ከእርሻው ወዲያ ባለው ገደል ላይ ደግሞ ዋልያ ይኖራል። ሰውና አውሬ እንዲህ ተጎራብተው ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ታዲያ እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ የተቀመጠ ጽሕፈት ቤት ስለ ስሜን ገደል ምን አገባው? ዋልያው ስንት ቀረ፣ መንገዱ በየት በኩል አለፈ፣ በግጭ መንደር ስንት በግ ተሰማራ ብሎ የሚጠይቀው በምን ሥልጣን ነው? በዚህ ጥያቄ ምክንያት የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ ተለውጧል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቅርስ ማለት ምን ማለት ነው? አባት ለልጁ መሬት ያወርሳል። ልጁ በመሬቱ ይጠቀማል፤ አርሶ ይበላል። ነገር ግን አፈሩን አጥቦ፣ ዛፉን ጨርሶ ባዶውን ለልጁ ቢያስተላልፍ ሰው ይታዘበዋል። ከትናንት ሰዎች ተቀብለን ለነገ ሰዎች የምናስተላልፈው ነገር ሁሉ ቅርስ ይባላል። ሰው የሠራው ቅርስ አለ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሰው ያልሠራውም አለ። ተራራው፣ ደኑ፣ ሐይቁ፣ አውሬው የተፈጥሮ ቅርስ ነው።

ዋልያ ከፍየል ወገን የሆነ የዱር እንስሳ ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ትልቅ ቀንድ አለው። ሰው ቆሞ ሊያየው እንኳ በሚፈራው ገደል ላይ እየዘለለ ይግጣል። ይህ እንስሳ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኝም። ከስሜን ከጠፋ ጠፋ ነው። የበግ ዘር ቢያልቅብን ከጎረቤት ወረዳ ገዝተን እንተካለን። ዋልያን ግን ከየት እናመጣለን? ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ለዚህ ሲባል በ1962 ዓ.ም. መንግሥት የስሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ በሕግ አቋቋመ። ፓርክ ማለት ተፈጥሮው እንዳይነካ ተከልሎ የሚጠበቅ ቦታ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነበር። የሩቅ ሰዎች እንዴት ገቡበት?

ነገሩ የተጀመረው በዓባይ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም። የግብፅ መንግሥት አስዋን በሚባለው ቦታ በዓባይ ላይ ትልቅ ግድብ ለመሥራት ወሰነ። ግድቡ ሲሞላ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ በአቡ ሲምበል ከአለት የተፈለፈሉትን ቤተ መቅደሶች ሊውጣቸው ሆነ። እነዚህ ሕንፃዎች ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ግብፅ ብቻዋን ልታድናቸው አልቻለችም። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ለዓለም ጥሪ አደረገ። ወደ 50 የሚሆኑ አገሮች ገንዘብ አዋጡ። ቤተ መቅደሶቹም በመጋዝ ተቆርጠው፣ ድንጋዩ በቁጥር በቁጥር ተነሥቶ፣ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ቦታ ላይ እንደ ነበሩ ሆነው ተተከሉ። ያን ሐይቅ የሞላው ውኃ አብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ መሆኑን መቼም ልብ ሳንለው አናልፍም።

ይህ ሥራ አንድ ሐሳብ አስከተለ። አንድ አገር ብቻውን ሊጠብቀው የማይችለው ቅርስ ካለ ሌሎች ቢያግዙት ምን ይላል? አጋዥ የሆነ ሰው ደግሞ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ መሠረት ኅዳር 1965 ዓ.ም. አገሮች በፓሪስ ተሰብስበው የዓለም የባህልና የተፈጥሮ ቅርስ ጥበቃ ስምምነትን አጸደቁ። ኢትዮጵያም በ1969 ዓ.ም. የስምምነቱ ተካፋይ ሆነች። ዛሬ ስምምነቱን የተቀበሉት አገሮች ከ190 በላይ ናቸው።

በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመላው ዓለም 12 ቦታዎች ተጻፉ። ከእነዚያ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ በተፈጥሮአቸው የተመዘገቡት አራት ብቻ ሲሆኑ ስሜን ከአራቱ አንዱ ነው። የቀሩት ሦስቱ በአሜሪካ፣ በካናዳና በኢኳዶር ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። አንዳንድ ሰው ስሜን ለፈረንጅ ተሰጠ ይላል። ይኼ ልክ አይደለም። መዝገብ ላይ መጻፍ ማለት መሸጥ ወይም ማከራየት አይደለም። ስምምነቱ ራሱ ቅርሱ የሚገኝበት አገር ሉዓላዊነት መከበር እንዳለበት ይናገራል። ቅርሱን የመጠበቅ የመጀመሪያው ግዴታም የዚያው አገር ነው። አገሩ የተቀበለው አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ንብረቱ የራሱ ቢሆንም እንኳ ይጠየቅበታል።

ጠያቂዎቹስ እነማን ናቸው? ዋናው ጠያቂ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ይባላል። አባሎቹ 21 አገሮች ናቸው። እነዚህ አገሮች በስምምነቱ ተካፋዮች የሚመረጡ ሲሆን በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ኮሚቴው በየዓመቱ ይሰበሰባል። በፓሪስ ያለው የዩኔስኮ ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ያዘጋጃል። ስለ ተፈጥሮ ቅርስ ኮሚቴውን የሚያማክረው ደግሞ ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሚባል ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ሲሆን መቀመጫው ስዊዘርላንድ ነው። ስለ ደን፣ ስለ አውሬ፣ ስለ ውኃ የሚያጠኑ ብዙ ባለሙያዎች አሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮሚቴው ስለ አንድ ቦታ የሚያሳስበው ነገር ሲሰማ የአገሩን መንግሥት ሪፖርት ይጠይቃል። መንግሥት ይጽፋል። ሪፖርቱ ካላጠገበ ባለሙያዎች ይላካሉ። እነርሱም ቦታውን በእግርና በመኪና ይዞራሉ፤ ሹሞችን፣ ጠባቂዎችን፣ አንዳንዴም ገበሬዎችን ያነጋግራሉ። ከዚያም ያዩትን ጽፈው ለኮሚቴው ያቀርባሉ። ኮሚቴው በስብሰባው ይወስናል።

ውሳኔውን የሚያስፈጽምበት ኃይል ግን የለውም። ፖሊስ የለውም፤ ፍርድ ቤት የለውም፤ እስር ቤትም የለውም። ነገሩ እንደ አገር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ጠመንጃ አይዝም። ነገር ግን እገሌ ጥፋተኛ ነው ብሎ በአደባባይ ከተናገረ ያ ሰው ገበያ መውጣት ይከብደዋል። ኮሚቴውም በእጁ ያለው የስም ጉዳይ ነው። ቅርሱ ሲጎዳ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በሚባለው ላይ ይጽፈዋል። ጉዳቱ ከባሰና ቅርሱ የተመዘገበበት ምክንያት ከጠፋ ደግሞ ከነአካቴው ይሰርዘዋል።

በስሜን ላይ የደረሰውም ይኼው ነው። እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የፓርኩ ጥበቃ ተቋርጦ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ባለሙያዎች ሲመለሱ እርሻው ወደ ላይ ወጥቷል፤ ግጦሹ በዝቷል፤ በፓርኩ ውስጥ አዲስ መንገድ ይሠራል። የዋልያው ቁጥር ከ250 አይበልጥም ተባለ። በ1989 ዓ.ም. ኮሚቴው ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገባው።

የክልሉ ባለሥልጣኖች በዚህ ውሳኔ አልተስማሙም ነበር። አያስደንቅም። ስምምነቱ መዝገቡን ያዘጋጀው እንደ እርዳታ ጥሪ ነው፤ ይህ ቅርስ ታሟል፣ አግዙ ለማለት። ሰው ግን የሚሰማው እንደ ክስ ነው። ስሙ የተጻፈበት አገር አጠፋህ የተባለ ይመስለዋል።

በ1993 ዓ.ም. የዩኔስኮና የተፈጥሮ ጥበቃው ኅብረት ባለሙያዎች መጥተው ስሜን ከአደጋ መዝገብ እንዲወጣ ምን መደረግ እንዳለበት ዘረዘሩ። የፓርኩ ወሰን ተስተካክሎ በዳር ያሉት መንደሮች ከወሰኑ ውጭ ይሁኑ አሉ። ፓርኩ ወደ ሌሎቹ ተራሮች ይስፋ አሉ። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር ይጨምር አሉ። በፓርኩ ውስጥ፣ በተለይ በመካከለኛው ክፍል፣ የሚኖረው ሰው ብዛት በጉልህ ይቀነስ አሉ። በ1998 ዓ.ም. ሌሎች መጥተው ዝርዝሩን አሻሻሉት። ስለ ግጦሽ አያያዝና ገበሬው ሌላ መተዳደሪያ ስለሚያገኝበት መንገድ ተጨመረበት።

አንዳንዱ ነገር ለገበሬው ጠቀመው። ወሰኑ ሲስተካከል ብዙ መንደሮችና እርሻዎች ከፓርኩ ውጭ ሆኑ። በሕግ ፊት በፓርክ ውስጥ እንደ ሠፈረ ይቆጠር የነበረ ሰው ወሰኑ ሲነሣለት በቦታው ሳለ ሕጋዊ ሆነ።

ግጦሹን በሚመለከት የባለሙያዎቹ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። ከብት የበዛበት ሣር ያጥራል፤ ሣሩ ሲያጥር አፈሩ ይታጠባል። ይህን ከእኛ ይልቅ ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ፍየል ወደ ገደሉ ሲወርድ ከዋልያ ጋር ሊዳቀልና የዋልያውን ዘር ሊያበላሽ ይችላል የሚል ሥጋትም አለ። ቀይ ቀበሮን የሚገድለው ደግሞ ጥይት ብቻ አይደለም። ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ይፈጀዋል። ውሻ ማስከተብ ቀበሮ ማዳን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ለሰውም ይጠቅማል፤ የተከተበ ውሻ በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሰው ይቀነስ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ።

በኮሚቴው ወረቀት ላይ ነገሩ አንድ መስመር ናት። የሚኖረው ሰው ብዛት በጉልህ ይቀነስ ትላለች። ማን ይነሣ፣ መቼ ይነሣ፣ በስንት ካሳ ይነሣ አትልም። ይህች መስመር ከፓሪስ አዲስ አበባ ስትደርስ ዕቅድ ትሆናለች። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስትደርስ መመሪያ ትሆናለች። ደባርቅ ስትደርስ የጊዜ ገደብ ይጨመርባታል። ቀበሌ ስትደርስ ደግሞ የሰው ስም ዝርዝር ትሆናለች። መጨረሻ ላይ አንድ ገበሬ ገብሱ ሳይደርስ ተጠርቶ ቤትህ ተለክቷል ይባላል። እርሱ የመጀመሪያይቱን መስመር አላያትም። የጻፏትም ሰዎች እርሱን አላዩትም።

ከዚያም ቀደም ቢሆን ሰው ተነሥቷል። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከገደሉ ሥር የነበሩ የቆላ መንደሮች ሰዎች በኃይል ተነሥተው ነበር። ያ ሥራ በሕዝቡ ላይ ቂም አሳድሯል። የመጨረሻው ትልቅ መነሣት የግጭ መንደር ነው። ግጭ በፓርኩ መካከል በጣም ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነበር። ሰዎቹ በገብስ፣ በበግና በፈረስ ይተዳደሩ ነበር። 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ሄዱ። ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ።

መንግሥትና ኮሚቴው ሰዎቹ በፈቃዳቸው ሄዱ ብለው ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ ይህን ቃል ይጠራጠሩታል። አስተማሪ፣ ሐኪም ቤትና መንገድ ወደ መንደሩ ሳይመጣ ቀርቶ፣ እርሻና ግጦሽም ከተከለከለ፣ መሄድ በፈቃድ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የካሳ ገንዘብ ለጊዜው ብዙ ይመስላል። ግን መሬት በየዓመቱ ያበላል፤ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ሙያው ማረስ የሆነ ሰው እርሻ በሌለበት ከተማ ውስጥ ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ምን ይሠራል? ከግጭ ከተነሡት ብዙዎች በከተማ ኑሮ መቸገራቸውን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል።

ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊ ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ አውጥቷል። ሰውየው ስሜን ድረስ መጥቶ መዝገብ አገላብጧል። የሚያነሣው ነገር በጣም ያሳስባል። በእርሱ አገር በፈረንሳይ ሴቬን የሚባል ተራራ አለ። በዚያ ተራራ በግ ጠባቂዎች መንጋቸውን ይዘው በጋ ሲሆን ወደ ላይ ይወጣሉ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. ያን ተራራ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በእነዚያ እረኞች አኗኗር ምክንያት ነው። እረኞቹ ይቆዩ፤ እነርሱ ከሄዱ ቅርሱ ይጠፋል ተባለ። በስሜን ላይ ግን እረኛው ይሂድ ተባለ። በአውሮጳ በግ ቅርስ ሲሆን በአፍሪካ በግ ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

መልስ የሚሰጡም አሉ። ሴቬን ላይ ዋልያ የለም፤ ስሜን ላይ ግን ከዓለም ሊጠፋ የቀረበ እንስሳ አለ ይላሉ። ይህም እውነት ነው። እኛ እንደሚመስለን ዋልያው መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ዋልያው የዓለም ሁሉ ቅርስ ከሆነ ለእርሱ የሚከፈለው ዋጋ የዓለም ሁሉ መሆን ነበረበት። ዋጋውን ከሁሉ በላይ የከፈለው ግን ገብሱን ትቶ የወረደው ገበሬ ነው። ኦስትሪያና ጀርመን ለፓርኩ ሥራ ገንዘብ ረድተዋል። ቢሆንም ለፓርኩ የተሰጠው ሁሉ ለገበሬው የተሰጠ ማለት አይደለም።

የሚጠየቁት ድሆች አገሮች ብቻ ናቸው እንዳይባል የሌላ አገር ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ የሎስቶን የሚባል ፓርክ አለ። ከስሜን ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበ ነው። አንድ ኩባንያ ከፓርኩ አጠገብ ወርቅ ለማውጣት ሲነሣ ፍሳሹ ወንዙን ይመርዛል ተብሎ ተፈራ። ኮሚቴው በ1988 ዓ.ም. የሎስቶንን በአደጋ መዝገብ ጻፈው። የአሜሪካ ሰዎችም እንደ እኛዎቹ ተቆጡ፤ የውጭ ሰው ምን አገባው አሉ። በዚያው ዓመት ግን መንግሥታቸው ከኩባንያው ጋር ተስማምቶ በ65 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ የወርቁን ሥራ አስቀረው። የሎስቶን በ1995 ዓ.ም. ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ልብ እንበል፤ የአሜሪካው ኩባንያ ገና ላልቆፈረው ወርቅ 65 ሚሊዮን ዶላር ታሰበለት።

በዓረብ አገር በኦማን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ አገር ኦሪክስ የሚባል ነጭ የበረሐ እንስሳ የሚጠበቅበት ሰፊ ቦታ በ1987 ዓ.ም. ተመዝግቦ ነበር። በኋላ መንግሥት ነዳጅ ለመፈለግ ሲል ከክልሉ መሬት ከመቶ ዘጠና እጁን ቀነሰው። እንስሳቱም 450 የነበሩት 65 ብቻ ቀሩ። በ1999 ዓ.ም. ኮሚቴው ቦታውን ከመዝገብ ሰረዘው። ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቦታ ይኼ ነው። ኮሚቴው ከዚህ በላይ ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ሽማግሌ ተናገረ፤ ባለጉዳዩ አልሰማም፤ ሽማግሌው ተነሥቶ ሄደ።

ወደ ስሜን እንመለስ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ኮሚቴው በፖላንድ አገር በክራኮቭ ከተማ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። ክራኮቭ ራሷ በ1970 ዓ.ም. ከስሜንና ከላሊበላ ጋር ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዷ ናት። ለመውጣቱ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል። ፓርኩን በሚያቋርጠው ዋና መንገድ ፈንታ ሌላ መንገድ ተዘጋጅቷል። ግጦሹን ለመቀነስ ሥራ ተጀምሯል። የዋልያና የጭላዳ ቁጥር ረግቷል። ዋልያው በመካከሉ ከ600 በላይ ደርሶ ነበር። ኮሚቴው በዚያው ውሳኔ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ የገቢ ምንጭ ይፈለግለት ብሏል።

ፓርኩም ሰፍቷል። መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ይኸውም 13,600 ሄክታር ማለት ነው። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ያህል ነው ብንል ከ50 ሺህ ጥማድ በላይ ይሆናል። በኋላ ራስ ዳሸንንም ጨምሮ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ወሰኑ ሲሰፋ ከወሰኑ አጠገብ የሚያርሰውና የሚያግጠው ሰውም ይበዛል። ስለዚህ ከመዝገብ መውጣቱ የጥያቄው መጨረሻ አይደለም። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከባድ እሳት ተነሣ። ገበሬው፣ ተማሪውና የፓርኩ ጠባቂ በቅጠልና በአፈር ታገሉት። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አገዙ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጥበቃው ላላ፤ እንግዳውም ቀረ። እንግዳ ሲቀር በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ታጥቆ እንግዳ የሚያጅበው የአገሩ ሰው ሁሉ ገቢ ያጣል። በቅርብ ዓመታት የዋልያው ቁጥር እንደገና አሽቆልቁሏል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በባሌም ቀይ ቀበሮ አለ፤ ከብት የሚያሰማራ ሰውም አለ። በስሜን የተጠየቀው ጥያቄ በባሌም መጠየቁ አይቀርም።

እንግዲህ ከፓርክ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ምን ማወቅ ይጠቅመዋል? ስብሰባ ተጠርቶ ስለ መሬቱ ሲወራ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ተስማምተዋል ተብሎ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከፓሪስ የሚመጣው ባለሙያም በፈቃድ የሚለውን ቃል የሚያገኘው ከዚያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ፊርማ ወይም አሻራ ከማኖር በፊት ወረቀቱን ማንበብ፣ ያልተባለ ነገር ተጽፎ ከተገኘ ይታረምልኝ ማለት፣ ግልባጩንም መቀበል ያስፈልጋል። ካሳን በሚመለከት በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 1161 የሚባል አለ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። አቤቱታው ግን የቀን ገደብ አለው። ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስለ አንድ የዓለም ቅርስ መንግሥት ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ወይም ማኅበር ለፓሪሱ ጽሕፈት ቤት ሊጽፍ ይችላል። ደብዳቤው ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ ነገሩ እውነት ነው ወይ ብሎ የአገሩን መንግሥት ይጠይቃል። ኩባንያዎችና ትልልቅ ድርጅቶች ይህን በር ያውቁታል። ገበሬዎች ተሰብስበው ስለ ግጦሻቸውና ስለ ካሳቸው ቢጽፉም ያው ደብዳቤ ነው።

የኮሚቴው ውሳኔዎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ ምስጢር የላቸውም። ስለ ስሜን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የተባለው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ስለ ስሜን ሰዎች የሚናገረው መስመር በስሜን ሰዎች ቋንቋ ተተርጉሞ በየቀበሌው ሊነበብ ይገባል እንላለን። እስከዚያው ድረስ እንግሊዝኛ የሚችል አስተማሪ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመንደሩ ካለ እየተረጎመ ቢያነብላቸው ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ይሰማሉ።